«አልማዝ ባለጭራ» ከአፍ ወደ መዝገብ፤ የአንድ የዓይን ሕመም ስያሜና መለያ ቁጥር ታሪክ

ስለ ሳይንስ ቃላት አሰያየም በሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ የባዕድ ቃል በአማርኛ ምን ይባል?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ከዚህ ለየት ይላል፤ ይኸውም ሕዝቡ ራሱ ስም ያወጣለት፣ ስሙም ከከተማ እስከ ገጠር የታወቀለት አንድ ሕመም ወደ ሐኪም ቤት መዝገብ ሲገባ ስሙን ስለሚያጣበት ሁኔታ ነው። ሕመሙ «አልማዝ ባለጭራ» ነው። በተለይም ግንባርንና ዓይንን ሲይዝ የሚያስከትለውን ብግነት እንመለከታለን፤ ምክንያቱም ስሙ በመዝገብ ላይ በትክክል ሳይሰፍር ሲቀር የሚጎዳው ዓይን ስለ ሆነ ነው። የምሳሌያችንም ስፍራ የባሌ ደጋ፣ ይኸውም ሮቤና ጎባ ነው። በዚያ አንድ የሕመም ቃል መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ድረስ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ያልፋል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። በአውሮፓ ሕክምና ይህ ሕመም «ሔርፒስ ዞስተር» ይባላል። ሁለቱም ቃላት ግሪክኛ ናቸው፤ የመጀመሪያው «መዳህ፣ እየተሳቡ መሄድ» ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው «መታጠቂያ» ማለት ነው። እንግሊዞች «ሺንግልስ» የሚሉትም ከላቲኑ «ኪንጉሉም»፣ ማለትም ከመቀነት የመጣ ነው። ፈረንሳዮች «ዞና» ይሉታል፤ ይህም ያው መቀነት ነው። ዐረቦች «የእሳት ቀበቶ» ሲሉት፣ የስዋሒሊ ተናጋሪዎች «የወታደር ቀበቶ» የሚል ፍቺ ያለው ስም ሰጥተውታል። እነዚህ ሁሉ ስሞች ከአንድ ትዝብት የተነሡ ናቸው፤ ሽፍታው በደረት ወይም በወገብ ላይ ሲወጣ አንዱን ጎን ይዞ እንደ መታጠቂያ ስለሚዞር ነው።

አማርኛ ግን መቀነትን አልመረጠም። «አልማዝ» የከበረ ድንጋይ ስም ነው፤ «ባለ» ባለቤትነትን የሚያመለክት ቅድመ ግንድ ነው፤ «ጭራ» ደግሞ ጅራት ነው። እኛ እንደምናነበው፣ የመጀመሪያው ቃል ውሃ ቋጥረው የሚያብረቀርቁትን ጥቃቅን እብጠቶች፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእነርሱ ተከትሎ የሚዘረጋውን መስመር ይገልጻል። ስሙ ስለ ሕመሙ መንሥኤ የሚለው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ መልኩ ብቻ ነው። ይህም ለስያሜ ጠባይ ጉድለት አይደለም። በመንሥኤ ላይ የተመሠረቱ የሕመም ስሞች ዕውቀት በተለወጠ ቁጥር ይፋለሳሉ፤ በመልክ ላይ የተመሠረቱት ግን መልኩ እስካለ ድረስ ይኖራሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መጨመር ይገባል። የመቀነቱ ምሳሌ ለደረትና ለወገብ ይስማማል እንጂ ለፊት አይስማማም። ሽፍታው በዓይን ዙሪያ ሲወጣ የሚከተለው የፊት ነርቭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ነው፤ ከዓይን ቆብ ተነሥቶ በግንባር አልፎ ወደ ራስ ቅል ይወጣል፤ አልፎ አልፎም ወደ አፍንጫ ጫፍ ይወርዳል። የሚዞር መታጠቂያ በዚያ የለም፤ የሚታየው ወደ ላይ የሚዘረጋ ጭራ ነው። ስለዚህ የግሪኩ ስም በዓይን ላይ ሲደርስ ትርጉሙን ሲያጣ፣ የአማርኛው ስም ግን እንደ ጸና ይቆያል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች «ዞስተር» የሚለውን ቃል ለመተካት ወደ ግእዝ ቢመለሱ ሁለት ቃላት ያገኛሉ። አንዱ «ቅናት» ነው፤ በግእዝ መታጠቂያ ማለት ሲሆን፣ የዘመናችን አማርኛ አንባቢ ግን ከምቀኝነት ጋር ያያይዘዋል። ሌላው «ዝናር» ነው። ይህ ቃል በሴማውያን ቋንቋዎች በኩል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩም ከዞስተር ሥር ጋር አንድ ነው። በሥርወ ቃል ረገድ ከዚህ የተሻለ አቻ አይገኝም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን በአማርኛ «ዝናር» የጥይት መታጠቂያ ሆኖ ስለ ጸና፣ «ዝናር ወጣብኝ» የሚል በሽተኛ የለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ያስተማሩን ቃልን ከሥሩ መመርመርን ነው፤ ከሥሩ መመርመር ማለት ግን ሕዝቡ የሚናገረውን ስም ጥሎ ሥሩን መልበስ ማለት አይደለም።

የሕመሙን መንሥኤ የሕክምና ሊቃውንት የደረሱበት በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ፎን ቤረንሽፕሩንግ ሕመሙ ከነርቭ ዕጢ እንደሚነሣ አሳየ። በዚያው ዐሥርት ዓመት እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን የግንባሩን ባለጭራና በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ገለጸ፤ ሽፍታው በአፍንጫ ጫፍ ላይ ሲታይ ዓይን የመጎዳቱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን የሚያመለክተው ምልክት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1892 ሃንጋሪያዊው ፎን ቦካይ ባለጭራ ከያዘው ሰው ጋር የተቀመጡ ልጆች ጉድፍ እንደሚይዛቸው አስተዋለ። በ1950ዎቹ ቶማስ ዌለር የሁለቱ ሕመሞች ቫይረስ አንድ መሆኑን በላቦራቶሪ አረጋገጠ። በ1965 ደግሞ ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ የገጠር ሐኪም በልጅነት የያዘ የጉድፍ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ሰውነት ሲደክም እንደገና እንደሚነሣ አስረዳ።

እዚህ ላይ የአማርኛው «ጉድፍ» ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ በአንድ በኩል የልጆች ሽፍታ ስም ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዓይን ውስጥ የገባች ስብርባሪ ማለት ነው፤ በአማርኛው ወንጌልም በወንድም ዓይን ስላለው ጉድፍ የተጻፈው በዚሁ ፍቺ ነው። ስለዚህ በዓይን ክፍል መዝገብ ላይ «የዓይን ጉድፍ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው አቧራ ይሁን ቫይረስ የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።

የሽፍታ ስሞችን ለይቶ መመዝገብ በባሌ ምድር የሕይወት ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት የተቋቋመው ፕሮግራም ሥራውን የጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት ስለ ነበር ከጉድፍ ጋር በቀላሉ ይምታታ ነበር። የዘመቻው ሠራተኞች ከመንደር መንደር ሲዘዋወሩ የሽፍታውን ሥዕል የያዘ ካርድ ያሳዩ ነበር፤ ምክንያቱም ስም ብቻ ጠይቆ መመለስ አያስተማምንም ነበርና። አንድ ባላገር በአንድ ቋንቋ የሚሰጠው ስም በሌላው ቋንቋ ለሌላ ሽፍታ የሚነገር ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው የባሌ ክፍለ ሀገር ቆላማ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላም አገሪቱ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗን ለማረጋገጥ እያንዳንዱ የሽፍታ ወሬ «ፈንጣጣ ነው ወይስ ጉድፍ?» ተብሎ መጣራት ነበረበት። የማረጋገጫው ውሳኔ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 ናይሮቢ ላይ ተሰጠ። በዚህ ታሪክ የስም ልየታ ከሕክምና ሥራ ጎን የሚቀመጥ ጌጥ አልነበረም፤ ራሱ የሥራው አካል ነበር።

በዚያው ዘመን ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ወደ ዘጠነኛው እርማት ተሸጋገረ። የምደባው ታሪክ ራሱ የስያሜ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፋር እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት ያነሣው አቤቱታ አንድ በሽታ በሦስትና በአራት ስም፣ አንድ ስምም ለብዙ በሽታ ይውላል የሚል ነበር። በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር በቺካጎ ስብሰባ ላይ አቀረበ፤ በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ስድስተኛውን እርማት አወጣ፤ በ1975 የተዘጋጀው ዘጠነኛው እርማት ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዘጠነኛው እርማት ውስጥ ፈንጣጣ 050፣ ጉድፍ 052፣ ባለጭራ 053፣ ሔርፒስ ሲምፕሌክስ 054፣ ኩፍኝ 055 ሆነው ተቀመጡ። በመንደር የተምታቱት ሽፍታዎች በዝርዝሩ ላይ ጎረቤታሞች ሆኑ፤ ዳሩ ግን በመካከላቸው የቁጥር አጥር ቆመ።

ዘጠነኛው እርማት ሌላም ነገር አመጣ። አንድ ሕመም ከሁለት አቅጣጫ፣ ማለትም ከመንሥኤውና ከሚጎዳው አካል፣ እንዲታይ ሁለት ምልክቶች ተበጁ፤ ለመንሥኤው የጩቤ ምልክት፣ ለአካሉ የኮከብ ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው ዐሥረኛው እርማትም ይህንኑ ሥርዐት ያዘ። በዚህ እርማት ባለጭራ ቢ 02 ሲሆን፣ ዓይንን የያዘው ቢ 02.3 ነው። ከዚህ ከጩቤው ቁጥር ጋር የአካሉ ቁጥር ይጣመራል፤ ለዓይን ቆብ ብግነት ኤች 03.1፣ ለኮርኒያ ብግነት ኤች 19.2፣ ለአይሪስና ተያያዥ ክፍሉ ብግነት ኤች 22.0። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዐሥራ አንደኛው እርማት ደግሞ የዓይኑን ባለጭራ 1ኢ91.1 በሚል ቁጥር ለይቶታል።

ለቋንቋ ተመራማሪ ደስ የሚያሰኘው ነገር ይህ ጥንድ ሥርዐት ከአማርኛ ሰዋስው ጋር የሚስማማ መሆኑ ነው። አማርኛ ገላጩን ከተገላጩ ያስቀድማል፤ «በባለጭራ የመጣ የኮርኒያ ብግነት» ስንል መንሥኤው ቀድሞ፣ አካሉ ተከትሎ፣ የሕመሙ ጠባይ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህም ልክ የጩቤውና የኮከቡ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ አማርኛ ሐረግ ለመመለስ የቋንቋውን አካሄድ ማጣመም አያስፈልግም።

ችግሩ የሚመጣው ከአካሉ ስሞች ነው። ለዚህ ዋናው ምሳሌ «ብሌን» ነው። በቀደመው አማርኛ «የዓይን ብሌን» ሲባል የሚታሰበው በዓይን መካከል ያለችው ጥቁር ክብ ናት። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሥራ ከታወቀ ወዲህ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው ከፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ ነው። በተራ ንግግር ደግሞ መላውን የዓይን እንክብል «ብሌን» የሚሉ አሉ። አንድ ተርጓሚ «የብሌን ብግነት» ብሎ ቢጽፍ አንዱ አንባቢ ኤች 19.2፣ ሌላው ኤች 22.0 ሊያነብበት ይችላል። የሁለቱ ሕክምናና ክትትል ግን አንድ አይደለም። ስለሆነም በሕዝብ ንግግር ውስጥ «ብሌን» በያዘው ሰፊ ፍቺ ይኑር፤ በመዝገብ ላይ ግን «ኮርኒያ» እና «አይሪስ» የሚሉት የተለመዱ የውሰት ቃላት ቢጸኑ ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛው ችግር «የዓይን ሔርፒስ» የሚለው አነጋገር ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው በዐሥረኛው እርማት ቢ 00.5 የተባለውን የሔርፒስ ሲምፕሌክስ የዓይን ሕመም ይሁን ወይም ቢ 02.3ን ለይቶ አልተናገረም። ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ለአዋቂ ሰው ባለጭራ የሚታዘዘው የአሲክሎቪር መጠን በተለምዶ 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ሲሆን፣ ለሔርፒስ ሲምፕሌክስ የሚሰጠው ከዚህ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ በአንዳንድ የሔርፒስ ሲምፕሌክስ የኮርኒያ ቁስሎች ላይ የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ጥንቃቄ ቢጨመር ዓይንን ይጎዳል። በሕዝብ ዘንድ ደግሞ «ሔርፒስ» የሚለው ድምፅ ከአባለዘር በሽታ ጋር ስለሚያያዝ፣ በሽተኛውን ያለ ምክንያት ያሳፍራል። አማርኛ የራሱ ጥርት ያለ ስም እያለው ይህን ጭነት መሸከም አይገባውም።

ሦስተኛው ጉዳይ «ብግነት» ነው። ላቲኑ ከነበልባል እንደ ወጣ ሁሉ፣ አማርኛውም «በገነ» ከሚለው የመቃጠልና የመንገብገብ ግሥ የወጣ ነው። ባላገሩ «ቁስሉ ተቆጣ» ወይም «አመረቀዘ» ይላል። «ማመርቀዝ» ግን መግል መያዝን ስለሚያሳስብ በቫይረስ ለሚመጣው የዓይን መቅላትና ሕመም አይስማማም። «መቆጣት» ለማስረዳት ጥሩ ቃል ነው፤ ለመዝገብ ግን «ብግነት» የተለየ በመሆኑ ይመረጣል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለእንዲህ ያለ ልየታ መንገድ ጠርጓል፤ ነገር ግን የቃላት ዝርዝር ከበሽታ ቁጥሮች ጋር ተጣምሮ እስካልቀረበ ድረስ ለመዝገብ ሠራተኛው ጥቅሙ ግማሽ ነው።

የስሙ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ «አልማዝ ባለጭራ» አዲስ ትርጓሜ ተጫነበት። ባለጭራ ቀድሞ በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ሆኖ ሳለ በወጣቶች ላይ በዝቶ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኤች አይ ቪ ደረጃዎች ዝርዝር ውስጥ በሁለተኛው ደረጃ አስቀመጠው። በዓይን ባለጭራ የተያዙ ኢትዮጵያውያንን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ትስስር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ በጆሮ ሲሰማ ጥርጣሬን ያስከትል ጀመር። ይህ ለስያሜ ሥራ ከባድ ፈተና ነው፤ በሽተኛው ስሙን ሊደብቅ፣ ጸሐፊውም ስሙን በለዘበ ቃል ሊተካ ይገፋፋልና። ሆኖም ባለጭራ ኤች አይ ቪ ለሌለበት ሰውም፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ፣ የሚመጣ ሕመም ነው። ስሙን ከመሸሽ ይልቅ በመዝገበ ቃላት ፍቺው ውስጥ ይህን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ባሌ እንመለስ። ጎባ የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሮቤ ናት። የጎባ ሆስፒታል የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠውና የሕሙማን ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያና በሽተኛ የሚገናኙበት ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። እንበልና አንድ ገበሬ ከዲንሾ ወይም ከሐረና ጫካ ማዶ ከደሎ መና ግንባሩና የዓይኑ ቆብ ውሃ ቋጥሮ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞ የሚናገረውን አስተርጓሚው «ዹኩባ ኢጃ»፣ በአማርኛ «የዓይን ሕመም»፣ ብሎ ካሳጠረው፣ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው «የዓይን መቅላት» ሊሆን ይችላል፤ ከካርዱ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሠራተኛም ካልተጻፈለት በቀር ቢ 02.3ን ሊፈጥረው አይችልም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚጠፋው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ጊዜ ይጠፋል። የባለጭራ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከባለጭራ ሕሙማን ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ሕመሙ በዚህ የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ላይ የሚወጣባቸው ሲሆኑ፣ ሳይታከሙ ከቀሩ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው ራሱ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ክትትል ይጠፋል፤ የኮርኒያና የአይሪስ ብግነት ሽፍታው ከደረቀ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ኋላ የሚያየው ባለሙያ የቀድሞውን ስም ካላገኘ መንሥኤውን ያጣዋል። ሦስተኛ፣ ቆጠራ ይጠፋል፤ ያልተመዘገበ ሕመም በዞኑ ሪፖርት ላይ አይታይም፤ በሪፖርት ላይ ላልታየ ሕመም ደግሞ መድኃኒት በበቂ አይመደብም።

ስለዚህ ለቃላት ሠራተኞችና ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ «አልማዝ ባለጭራ» ለቢ 02 መደበኛ ስም ሆኖ ይጽና፤ በጥንድ ሐረግ ውስጥ ሲገባ «ባለጭራ» ተብሎ ቢያጥር ትርጉሙ አይጎድልም። ሁለተኛ፣ ለቢ 02.3 «የዓይን ባለጭራ» ይባል፤ ዝርዝሩም «በባለጭራ የመጣ የዓይን ቆብ ብግነት»፣ «በባለጭራ የመጣ የኮርኒያ ብግነት»፣ «በባለጭራ የመጣ የአይሪስ ብግነት» ተብሎ ከነቁጥሩ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ «የዓይን ሔርፒስ»፣ «የዓይን ጉድፍ» እና «የብሌን ብግነት» የሚሉት ሐረጎች በመዝገብ ላይ እንዳይገቡ በመዝገበ ቃላት የማስጠንቀቂያ ምልክት ይደረግባቸው። አራተኛ፣ የአፋን ኦሮሞው ስም ከአማርኛው ተተርጉሞ ሳይሆን በሮቤ፣ በጎባ፣ በዲንሾና በደሎ መና ከሚነገረው ከራሱ ከሕዝቡ አፍ ተሰብስቦ፣ በቋንቋው ባለሙያዎች ተመርምሮ፣ በዚያው ቁጥር አጠገብ ይሰለፍ። የፈንጣጣው ዘመቻ ካርድ እንዳደረገው ሁሉ፣ በአስተርጓሚው እጅ የሽፍታው ሥዕል ከስሞቹ ጋር ቢኖር ሥራው ይቀላል።

ቁጥሩ ለሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ነው፤ ስሙ ግን በየቋንቋው የራሱ ሊሆን ይገባዋል። የስያሜ ሠራተኛው ድርሻ በሽተኛው በአፉ የተናገረው ስም ሳይለወጥና ሳይደበዝዝ እስከ ቁጥሩ የሚደርስበትን መስመር መዘርጋት ነው። ለዚህ መነሻ የሚሆን የሦስት ቋንቋ ዝርዝር ከዓይን ሕመሞች ምዕራፍ ቢጀመር፣ ሥራው ውሱን፣ ጥቅሙም በቶሎ የሚታይ ስለሚሆን፣ በባሌ ደጋ ተሞክሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሊስፋፋ ይችላል ብለን እናምናለን።